የዶንቃራን ስም የጠራሁበት ቀን

ልጅ ሳለሁ፣ ከሺንሺቾ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን፣ አያቴ ከእራት በፊት ምድጃው ዳር ተቀምጣ ፍሙን እየቆሰቆሰች ደጋግማ የምትነግረን አንድ ተረት ነበር። ያለ ፍላጎቷ ሊድሯት ያሏት ልጅ ሸሽታ መሬትን «ደብቂኝ» ብላ ለመነቻት፤ መሬትም ተከፍታ ተቀበለቻት፤ ልጅቷም ወንዝ ሆና ቀረች። ወንዟ እውነተኛ ናት። ከቤታችን በታች ካለው ትልቅ ዝግባ ሥር፣ ድንጋዩ አፉን በከፈተበት ጉድጓድ ገብታ ትጠፋለች፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በሚኖሩበት በታችኛው መንደር ደግሞ ምንጭ ሆና ትወጣለች። ስለዚህ ዛፉ አይቆረጥም፣ ጉድጓዱ ውስጥም ጠጠር እንኳ አይጣልም ነበር።

አያቴ ግን የወንዟን ስም ጠርታ አታውቅም። ስሟ ዶንቃራ ነው፤ የአያቴ አማት ደግሞ ዶያሞ ይባሉ ነበር። በእኛ አገር ያገባች ሴት የአማቷን ስም ይቅርና በዚያው ድምፅ የሚጀምር ቃል አትናገርም። አያቴማ በአማርኛ ስታወራ እንኳ ዶሮን «ጫሪዋ» ነበር የምትላት፤ እኛም በሳቅ እንሞት ነበር። ተረቱ ስሙ ጋ ሲደርስ «ያቺ የምትገባዋ» ብላ ታልፈዋለች።

ኢሕአዴግ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመንደራችን በኩል መንገድ ሲቆረጥ፣ የተቆፈረው ድንጋይ መድፊያ ተፈለገለት። የመኪናው ሾፌር ደግሞ ከዚያ ጉድጓድ የተሻለ ቦታ አልታየውም። አያቴ በርጩማዋን ይዛ ወርዳ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች፤ እኔም ተከትያት ወረድኩ።

«ይህ ከተደፈነ የታችኞቹ ምን ይጠጣሉ? ከፈለግህ እኔ ላይ ገልብጠው» አለችው።

ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ሄደና የወረዳውን ሰው ይዞ ተመለሰ። የወረዳው ሰው ክፉ አልነበረም።

«እማማ፣ እንዳይነኩ የተባሉ ቦታዎች ዝርዝር ፋይሉ ውስጥ አለ። ስሙን ይንገሩኝ፤ ካገኘሁት መኪናው ይመለሳል» አለ።

አያቴ ዝም አለች። ወንዶቹ አዲሎ ገበያ ሄደዋል። ግርግሩን ሰምተው የወጡት ሴቶች ሁሉ የዚያው የዶያሞ ቤተሰብ ሚስቶች ነበሩ፤ ስሙን ሁሉም ያውቁታል፣ አንዷም አትለውም። አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

«የምትገባዋ ናት» አለች አያቴ በመጨረሻ።

«እንዲህ የሚባል የለም። ስሙን እንኳ የማያውቁትን ቦታ ነው እንዴ የሚጠብቁት?» አለና ፋይሉን አጠፈ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። አያቴ ከበርጩማዋ ንቅንቅ አላለችም።

ያኔ ሴት ልጅ በትልልቅ ሰዎች መሃል መጮኋ ነውር እንደሆነ አላጣሁትም። ግን ተናድጄ ነበር፤ በሾፌሩም፣ በፋይሉም፣ እውነቱን ለመናገር በዚያ ሁሉ ዝምታም። «ዶንቃራ! ስሟ ዶንቃራ ነው» ብዬ በሙሉ ድምፄ ጮህኩ።

ሰውየው ፋይሉን ከፈተ፣ ጣቱን በዝርዝሩ ላይ ወደታች እየነዳ ሄደ፣ ቆመ። መኪናው ድንጋዩን እንደተሸከመ ተመለሰ። ከአክስቶቼ አንዷ ግን «አሰዳቢ» ብላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አያቴ በርጩማዋን አንስታ ወደ ቤት ሄደች፤ እኔም አርጩሜ እየጠበቅሁ ከኋላዋ።

ያን ዕለት ምሽት ላምባው ተለኩሶ፣ የርጥብ እንጨት ጭስ ዓይናችንን እየለበለበን ተረቷን ጀመረች። ስሙ ጋ ስትደርስ ቆመች። በአገጯ ወደ እኔ ጠቁማ «በይ» አለች። አልኩት። እሷም ቀጠለች። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ ያንን ተረት ለሁለት ነበር የምንናገረው።

ዛሬ ትዳሬ ሆሳዕና ከተማ ነው። ስሞሸር የባለቤቴ ወገን ሴቶች የማልጠራቸውን ስሞች ሲነግሩኝ በጨዋነት ሰማሁ፤ ከዚያም ሁሉንም ጠራሁ። ባለጌ ያሉኝ አሉ፣ አያቷን አሳፈረች ያሉም አሉ። ይበሉ። እሷ ወዳ ዝም አለች፣ ዝም ብላም ጉድጓዱን በገላዋ ጠበቀች፤ እኔን ግን ተናገሪ ያለችኝ ራሷ ናት። ለሴት ልጆቼ ተረቱን ስነግር እዚያችው ቦታ ላይ እቆማለሁ። እነሱ ስሙን ሲጮሁት ከወዲያኛው ክፍል አማቴ አንዴ ያስላሉ።

«አልተሰማም፣ ጮክ በሉ» እላቸዋለሁ።