ሁለተኛውን ክፍል ያየንበት እሁድ

የፊልሙ ሁለተኛ ክፍል መጥፎ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ከዚያ እሁድ ወዲህ ስለ ፊልሙ በተነሳ ቁጥር ፊቴ ስለሚጠቁርና ሰው ሁሉ የጠላሁት ስለሚመስለው ነው። ፊልሙ ምንም አላጠፋም።

የመጀመሪያውን ክፍል ያየሁት እዚሁ አዳማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ በነበረ ቪዲዮ ቤት ነው። አሸዋ በዋጠው ከተማ ውስጥ፣ ለቁፋሮ የተሠራ የብረት ሰው ወላጅ የሌላት ሕፃን ያገኛል። እየተተኮሰበት፣ እየተሳደደ፣ ተሸክሟት በረሃውን ያቋርጣል። መጨረሻ ላይ እሷን ለማትረፍ ብሎ እቶን ውስጥ ገብቶ ይቀልጣል። ያኔ ፊልም የሚታየው በተርጓሚ ነበር። አንድ ሰው ማይክ ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆምና የወንዱንም፣ የሴቷንም፣ የሕፃኗንም ቃል በአማርኛ እሱው ይናገራል። ያ ተርጓሚ ኋላ ባሌ ሆነ።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በማታ ነው። ፊደል ዘግይቶ የገባለት ሰው ደግሞ ቃል ሲባክን አይወድም። ፊልሙ ሲያልቅ ተርጓሚውን በር ላይ ጠበቅኩት።

«ብረቱ ሰው ያን ሁሉ ተናግሮ፣ አንተ ‹ደህና ሁኚ› ብቻ አልክ። የቀረውን የት አደረስከው?»

«በላሁት» አለኝ። «ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም።»

ከተጋባን በኋላ ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። እሱ ሞጆ፣ ደረቅ ወደቡ ጋ፣ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ ትራንዚተር ሆነ። ሳምንቱን እዚያ እያደረ ቅዳሜ ይመጣል። ትርጉሙ ግን ቤታችን ገባ። እንግሊዝኛ ከመጽሐፍ ላይ ቀስ እያልኩ አነባለሁ፤ ከፈረንጅ አፍ ሲወጣ ግን አይያዝልኝም። እሁድ ከሰዓት ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ፣ ቬንትሌተሩን ወደ እኛ አዙረን እንቀመጣለን፤ እሱ ይተረጉማል። ሲያልቅ፣ እንደ አስተማሪ ስለምተች እየቀለደብኝ፣ «እሺ መምህርት፣ ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን» ይለኛል። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይከራከራል። ሌላው ቀን የቤት ኪራይ፣ የውኃ፣ የዘመድ ወሬ ነው፤ ባልና ሚስት የምንሆነው በዚያች ሰዓት ነበር።

ሁለተኛው ክፍል ሊወጣ ነው ሲባል፣ አንዳችን ያለ አንዳችን ላናየው ቃል ተገባባን። አንድ ቅዳሜ በፍላሽ ይዞት መጣ፤ በማግስቱ ከምሳ በኋላ ከፈትነው።

ጥሩ ነበር። ሕፃኗ አድጋ ወታደር ሆናለች፤ እሷን ሆና የምትጫወተው ሴት፣ ስትፈራ እጇን ብብቷ ሥር ትከታለች፣ ልክ ሕፃኗ ታደርግ እንደነበረው። ይህን ያስተዋለ ሰው ሥራውን ያውቃል። ድልድዩ ላይ በሚዋጉበት ቦታ ሙዚቃውን አጥፍተውታል፤ የብረት እግር ኮቴ ብቻ ነው የሚሰማው። ደካማ ጎንም አለው። ጠላትየው ከመተኮሱ በፊት ቁጭ ብሎ ዕቅዱን ሁሉ ያስረዳል። ከተማ በከተማ ላይ ይፈርሳል፤ የሚፈርሰው ሲበዛ ደግሞ አንዱም አያሳዝንም።

ይህን በልቤ እየደረደርኩ ሳለሁ ነው ጆሮዬ አንድ ነገር የያዘው። ተርጓሚ መጀመሪያ ይሰማል፣ ቀጥሎ ይናገራል። ፊልሙ አዲስ ከሆነበት ምንጊዜም ከተዋናዩ ኋላ ነው፤ ቪዲዮ ቤት ውስጥ «ተርጓሚ፣ ተኛህ እንዴ!» እየተባለ የሚጮህበት ለዚያ ነበር። የሚቀድመው ያየውን ፊልም ሲተረጉም ብቻ ነው።

ልጅቷ ድልድዩ ላይ ቆማ፣ ገና አፏን ሳትከፍት፣ ባሌ «አትከተሉኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ከፈተች። ገምቶ ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ አንዱ ወታደር ሊቀልድ ሲል፣ ባሌ ቀድሞ ሳቀ።

«አይተኸዋል» አልኩት።

«ማስታወቂያውን ነዋ። ስልኬ ላይ።»

«ማስታወቂያውን እኔም አይቼዋለሁ። ይሄ የለበትም።»

የላፕቶፑን ድምፅ ቀነሰ።

«ከማን ጋር ነው ያየኸው?»

ዓይኑን ከላፕቶፑ ሳያነሳ፣ «ቢሮ አብራን የምትሠራ ልጅ አለች» አለ። «ሞጆ። እ... ቆይቼ ልነግርሽ ነበር።»

ስንት የሚጠየቅ ነገር ነበር። ከአፌ የወጣው፣ «ተረጎምክላት?» የሚል ነው።

«አይ፣ ኧረ! እሷ እንግሊዝኛ ትሰማለች።»

ሊጎዳኝ ብሎ አልነበረም። እንዲያውም ሊያጽናናኝ የፈለገ ይመስለኛል፤ ትርጉሙ ያንቺ ብቻ ነው ለማለት። እኔ ግን የታየኝ ሌላ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ማንም ማንንም ሳይጠብቅ፣ እኩል ሲስቁ።

«ልዝጋው?» አለኝ።

«ይጨረስ።»

ሊቀጥል አፉን ሲከፍት እጄን አነሳሁ። የቀረውን ያለ ትርጉም አየነው። መጨረሻ ላይ ብረቱ ሰው ይመለሳል፤ ቀልጦ ያለቀው፣ ያለቀስኩለት። ልጅቷ ሮጣ ታቅፈዋለች። አንድ ቃል አይነጋገሩም። በዚያው ያልቃል።

እንደ ወትሮው አልጠየቀኝም፤ እኔ ግን ተናገርኩ። ጥሩውን ሁሉ፣ እጇንም ድልድዩንም፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ከዚያ፣ «ደካማ ጎኑ መጨረሻው ነው» አልኩ። «ያን ያህል ዘመን የት ነበርክ ብላ አልጠየቀችውም።»

«ደስ ብሏት ነዋ» አለ።

«ቢሆንም መጠየቅ ነበረባት።»

አልተከራከረኝም። በፊልም ነገር ሳይከራከረኝ ሲቀር ያየሁት ያን ቀን ነው። ሌላ ጊዜ ሰኞ ሲነጋ ነበር የሚሄደው። የዚያን ዕለት ፀሐይ ሳትገባ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ሞጆ ሚኒባስ ወጣ። ተቀመጥ አላልኩትም።