ዓሞይ ጨረቃን ያየች ቀን

በቀደም ጋዜጣ ላይ የጨረቃን ፎቶግራፍ ሳይ የአባቴ እህት ዓሞይ ትዝ አለችኝ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በተነሳው አመፅ ጊዜ አውሮፕላኖች የመቀሌን ገበያ በቦምብ በደበደቡ በዓመቱ ነው። አባቴ ጣሊያኖች ጥለውት ከሄዱት ዕቃ መሃል ትንሽ ቴሌስኮፕ አግኝቶ፣ አንድ ምሽት ግቢያችን ውስጥ ጨረቃን አሳየን።

«ጥቁሩ ሜዳ ነው፤ ክብ ክቡ ደግሞ ጉድጓድ ነው፣ ልጄ» አለኝ።

ባሏን ገበያው ውስጥ ያጣችው ዓሞይ ተራዋ ሲደርስ ዓይኗን አስጠጋች። ወዲያው ወደ ኋላ አፈግፍጋ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«ወንድሜ፣ እዚያም ደርሰው ደበደቡት?»

«የለም፣ ከጥንትም እንዲሁ ነው» አላት አባቴ።

አላመነችውም። «ሰዎቹስ ወዴት ሸሹ?» አለችው።

እኔም እስከ ዛሬ ጨረቃን ቀና ብዬ ሳይ ዓይኔ የሚፈልገው ሰው ነው።