በመርፌ የተጠረገው ዋይፋይ

እሁድ፣ ከንጋቱ 11፡30፣ ደብረ ብርሃን

የደብረ ብርሃን ብርድ ሰው አያከብርም። ጋቢዬን ደርቤ፣ ላፕቶፔንና የኔትወርክ ገመዴን ይዤ መናኸሪያ ቆሜያለሁ። ሥራዬ ኮምፒውተር ጥገና ነው፤ እሁድን ደግሞ እተኛበታለሁ። ዛሬ ግን አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ።

ባደግኩበት ግቢ ጎረቤታችን የነበሩት ልብስ ሰፊዋ እትዬ ዘይነባ ትናንት ደወሉልኝ። ልጃቸው ሐያት ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በኢንተርኔት የሥራ ፈተና አለባት። ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ያስጠጋት መሥሪያ ቤት ይህ የመጀመሪያው ነው። የቤቱ ዋይፋይ ደግሞ ሞቷል።

"ምን ነክተውት ነው እትዬ?"

"ኧረ ምንም! አቧራ ጠረግኩለት እንጂ። ከኋላው ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ቆሻሻ የያዘች መስሎኝ በመርፌ ጎርጎር..."

ወይ ጣጣ! ያቺ ቀዳዳ የተሠራችው የዋይፋዩ ሳጥን ላይ የተሞላውን ማስተካከያ ሁሉ ለማጥፋት ነው። እሳቸው ግን የስፌት መኪናቸውን ዕድሜ ልካቸውን በመርፌ እየጠረጉ ኖረዋል፤ ለዋይፋዩም ያንኑ ደግነት አደረጉለት። በስልክ ላስተካክለው ብዬ ሁለት ሰዓት ለፈለፍኩ፣ አልሆነም።

3፡00፣ ላምበረት መናኸሪያ፣ አዲስ አበባ

ሸኖ ላይ ሹፌራችን ቅቤ ሊገዛ ወርዶ ሃያ ደቂቃ ጠፋ።

"ወንድሜ፣ ፈተና የሚጠብቀው ሰው አለ እኮ" አልኩት ሲመለስ።

"የምትፈተነው አንተ ነህ?"

"አይ።"

"ታዲያ ምን አንጨረጨረህ? ይልቅ አሽትተው!" ብሎ ቅቤውን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ሚኒባሱ በሳቅ አውካካ። ቅቤው ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ግሩም ነበር።

4፡15፣ ፒያሳ

ከታክሲ ስወርድ ዞረብኝ። መንገዱ ሰፍቷል፣ ምልክት የማደርጋቸው ሱቆች የሉም። አንድ ካፌ ገብቼ ባንኮኒው ላይ ቆሜ ማኪያቶ ጠጣሁና አስተናጋጁን ወደ አፍንጮ በር መውጫውን ጠየቅኩት።

"የጠፋው መንገዱ ነው ወይስ አንተ?"

"ሁለታችንም" አልኩት። በር ድረስ ወጥቶ አሳየኝ።

5፡00፣ አፍንጮ በር

"መጣህልኝ ሳሚዬ!" እትዬ ዘይነባ ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝ። ሻይና ሳምቡሳ ቀረበ። ሐያት ሸሚዟን ተኩሳ ለብሳለች፤ ፊቷ ግን አመድ መስሏል። በስልክ ዳታ ሞክራው ምስሉ እየቆመ አስቸግሯታል። ካፌ ሄዳ እንዳትፈተን፣ ፈታኞቹ ብቻዋን ክፍል ውስጥ መሆኗን በካሜራ ያያሉ።

ገመዴን ሰክቼ የሳጥኑን ማስተካከያ ገጽ ከፈትኩ። የግንኙነቱን ዓይነት መረጥኩ። ከዚያ ሁለት ነገር ጠየቀኝ፤ የመስመሩን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል።

"አለኝ! መስመሩን ያስገባው ቴክኒሻን በቃል ሲነግረኝ ጽፌዋለሁ" አሉና የልኬት ደብተራቸውን አመጡ። በአንዲት ሙሽራ ወገብና ትከሻ መሃል ተጽፏል። የይለፍ ቃሉ ቁጥር ብቻ ነው፣ ጥርት ያለ። ስሙ ግን "ዘይነባ" ይላል፣ በአማርኛ ፊደል!

"እትዬ፣ ይሄ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚገባው እኮ።"

"ስሜ ስሜ ነው፤ በምን ቢጻፍ ምን ለውጥ አለው?"

7፡40፣ እዚያው

ለውጥ አለው። በዋይ ጻፍኩት፣ በአይ ጻፍኩት፣ ዋዩን አውጥቼ በሁለት ኢ ጻፍኩት። ሁሌም የሳጥኑ መብራት ቀይ እንደሆነ ነው። እንዳልደውል እሁድ ነው፣ መስመሩን ያስገባው ቢሮ ዝግ ነው።

"ተወው ሳሚ፣ ዕድሌ ነው" አለች ሐያት፤ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። እትዬ ዘይነባ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ያዙ። "ልጄን በገዛ እጄ ጎዳኋት" አሉ። ከደብረ ብርሃን ድረስ የመጣሁት ሳምቡሳ ልበላ ነው እንዴ?

"እትዬ፣ መስመሩ ሲገባ ስምዎን የመዘገቡበት መታወቂያ ሰጥተው ነበር?"

"መታወቂያዬ ለእድሳት ገብቶ ነበር። ፓስፖርቴን ነው የሰጠሁት፣ የሐጁን።"

"ያምጡልኝ!"

ከልብስ ሣጥናቸው ሥር አወጡት። ገለጥኩት። እኔ በእያንዳንዱ ሙከራ መጨረሻ ላይ የምጨምራት ኤ የለችም። ስሙ በቢ ያበቃል፤ ዘይነብ!

እትዬ ዘይነባ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። "ውይ! መካ የሄድኩት ዘይነብ ሆኜ ነው ለካ!"

እንደ ፓስፖርቱ ጻፍኩና "አስቀምጥ" የሚለውን ነካሁ። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። ጠፋ። አረንጓዴ በራ።

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ እሳቸው። "ጌታ ሆይ ተመስገን!" አልኩ እኔ፣ እኩል። ሐያት በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች።

10፡30፣ ደጃፉ ላይ

እሷ ስትፈተን እኛ ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። እትዬ ዘይነባ የስፌት መኪናቸውን አቁመው፣ ጎረቤት በሹክሹክታ እንዲያወራ አዝዘው፣ እኔ ሳስል እንኳ ገላምጠውኛል። ደክሞኛል፣ ግን እንዲህ ቀልሎኝ አያውቅም።

በሩ ተከፈተ።

"አንዴም አልተቋረጠም" አለች ሐያት።

"አለፍሽ ወይ?" አሉ እናቷ።

"ውጤቱ ገና ነው እማ።" አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች። "ግን ብወድቅም በራሴ ነው። ባንቺ አይደለም።"

እትዬ ዘይነባ ነጠላቸውን አራግፈው ተነሡ።

"በሉ ግቡ፣ ምሳ እንብላ" አሉ። "ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፣ ርቦኝ ሞቻለሁ!"