ቡሉኮው ሲነጠፍ

ከኮምቦልቻ የወጣሁት መግሪብ ተሰግዶ፣ ሰው ከሰው መለየት ሲያስቸግር ነው። እንደ አይሮፕላን ነጂ ወጣ እንዳትሉ፤ እንደ ግመል ነጂ ነው የወጣሁት። ጭንቅላቴን ላጭተው፣ ሽርጥ አስታጥቀው፣ ዱላ አስይዘው ከባቲ ነጋዴዎች ጋር ቀላቀሉኝ። እናቴ ፋጤ ደጃፉ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ሳቀች። ታለቅሳለች ብዬ ልቤን አጠንክሬ ነበር፤ ለሳቋ ግን አልተዘጋጀሁም፤ እኔው አለቀስኩ።

በረሃው ሌሊት ይበርዳል ሲሉኝ ያንን ትልቁን ነጭ ቡሉኮዋን እንድትሰጠኝ ጠየቅኋት። ለሰርጓ ራሷ ፈትላ ያሠራችው፣ ሁለት ሰው ተሸፋፍኖበት የሚተርፍ ወፍራም የጥጥ ልብስ ነው። እናቴ ስስት አታውቅም፤ ያን ቀን ግን እንቢ አለች።

"ይህስ ከዚህ አይወጣም። መምጫህን ይዘህ ልትሄድ ነው?"

በምትኩ ጋቢ ደረበችልኝ። ቡሉኮ እንዴት መምጫ ይሆናል የሚል ሰው ካለ፣ ለእሱ ስል ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ሰይድ እባላለሁ፤ በሐርቡ መንገድ ዳር ማሽላ የሚያርሱ ሰዎች ልጅ ነኝ። ጎረምሳ ሆኜ አዲስ አበባ ገባሁና ለአንድ ፈረንጅ የአይሮፕላን መካኒክ ዕቃ አቀባይ ሆንኩ። ከማቀበል ሞተር መፍታት መጣ፣ ከመፍታት መግጠም፣ ከመግጠም ደግሞ መብረር። ጉራ ነው በሉኝ፤ ጉራም ይሁን! ከቦርከና ዳር ተነስቶ ደመና ላይ የወጣ ስንት ሰው ታውቃላችሁ?

ጣሊያን ሲመጣብን አይሮፕላኖቻችን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የእኔዋ መትረየስ አልነበራትም። ፋሻና መድኃኒት ጭኜ ወደ ሰሜኑ ጦር እሄዳለሁ፣ ቁስለኛ ይዤ እመለሳለሁ። እዚህ ጅቡቲ ያሉ ሰዎች፣ "ታዲያ ተዋጊ ነበርክ ወይስ አመላላሽ?" እያሉ ይነዘንዙኛል። የሚያሳድዱኝ ተዋጊዎች ነበሩ፤ እኔ ደግሞ አልተያዝኩም። ስሙን እናንተ አውጡለት።

ደሴን ታውቋታላችሁ። የጦሳ ተራራ ጉም ከለበሰ ጭልፊትም ቤቱ ይጠፋዋል። ስለዚህ የማርፈው ታች ኮምቦልቻ፣ የግጦሹ ሜዳ ላይ ነበር። እሱም ቢሆን አንድ ቀን ከብት ይሞላዋል፣ ሌላ ቀን ቦምብ ይቆፍረዋል፤ ከላይ ሆኖ መለየት አይቻልም። ለእናቴ ይህን ባማርርላት ጊዜ ቡሉኮዋን አንስታ አሳየችኝ።

"ሰላም ከሆነ ሜዳው ላይ አነጥፈዋለሁ፤ አይተህ ውረድ። ካልተነጠፈ ግን እኔ ራሴ ቆሜ በእጄ ብጠራህም እንዳትወርድ።"

ከዚያ ወዲያ የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር፣ ሜዳውን አየት አድርጋ፣ ቡሉኮውን ዘርግታ አራቱን ጫፍ በድንጋይ ትጭነዋለች። ጣሊያን በአቅራቢያው ካለ ቤቷ ትቀመጣለች፤ እኔም ሜዳው ባዶ ሲሆንብኝ አልፌ እሄዳለሁ። አንድም ቀን አላሳሳተችኝም።

አንድ ቀን ጠዋት የደሴ ዙሪያ ቁስለኛ ቄስ ከኋላዬ አስቀምጬ ስመለስ፣ ሐይቅ ላይ ሁለት የጣሊያን ተዋጊዎች ደረሱብኝ። መሸሸት እንጂ መተኮስ የለ። ጉሙ ውስጥ ገባሁና የደሴን ጫፍ አልፌ ወደ ቦርከና ገደል ወረድኩ። ያንን ገደል በእግሬ አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ ፍየል የጠፋብኝ እዚያ ነው። ክንፌ ከቋጥኝ ቋጥኝ እየተረፈ ሲሄድ ቄሱ ታቦቱን ይጠራሉ፣ እኔ ወልዩን እጠራለሁ፤ ማን ቀድሞ እንደሰማን እስካሁን አልታወቀም። ከገደሉ ብቅ ስል ሜዳው ላይ ያ ነጭ ነገር! ወላሂ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር ነገር አላየሁም።

መንኮራኩሩ ሳይቆም የኮምቦልቻ ሰው የማሽላ አገዳ ተሸክሞ ከየቤቱ ወጣ። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አሮጊቱም ሙሽራዋም። አይሮፕላኗን በአገዳ ሸፍነው ክምር አስመሰሏት። እናቴ ቡሉኮውን አንስታ ቄሱን አለበሰቻቸውና ቤቷ አስገባቻቸው። ተዋጊዎቹ ሁለት ጊዜ ዞሩ፤ ያዩት ክምር ብቻ ነው። ክምሩ ላይ ደግሞ የአንድ ሰው በሬ መጥቶ አገዳውን መብላት ጀመረ፤ ክንፌ ብቅ እስኪል በላው፣ ሰዉም ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። እግዜር ይስጣቸው፣ በሬው ሳይጠግብ ሄዱልን። እንደዚያ ያለ ሕዝብ ልጅ መሆን፣ እንኳን ለስደተኛ ለንጉሥም ያኮራል።

በኋላ አይሮፕላኗ ሞተሯ ተፈቶ ጥገና ላይ ሳለች በቦምብ ነደደች። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ ደግሞ፣ "የሚበርረው የፋጤ ልጅ የት አለ?" ማለት ተጀመረ። ያን ምሽት ግመል ነጂ የሆንኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ በረሃው ብዙ አላወራም። ይህን ብቻ እወቁ፦ ሰማይ ላይ አንድም ቀን ያላስታወክሁ ሰውዬ፣ ደክሞኝ ግመል ላይ ቢያወጡኝ አስመለሰኝ። መንገድ የሚመሩን የአፋሮች ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ውሃቸውን ግን አካፍለውኛል፤ አላህ ይስጣቸው።

ጅቡቲ ስገባ አንድ የፈረንሳይ ሹም በአስተርጓሚ ሥራዬን ጠየቀኝ። አይሮፕላን ነጂ ነኝ አልኩት።

"አይሮፕላንህ የት አለ?"

"ጣሊያን አቃጠለው።"

"እንግዲያው ሥራ የለህም" ብሎ ጻፈ። ፈረንጅ ሂሳብ ያውቃል።

የመናዊው አከራዬ ሳልም ታሪኬን ሲሰማ፣ ሰማይ ለለመደ ሰው ክፍል ምን ያደርግለታል ብሎ ጣሪያውን አከራየኝ። ለካ እዚህ አገር በሙቀቱ ወራት ሁሉም የሚያድረው ጣሪያ ላይ ነው! ካምሲን የሚሉት ነፋስ ሲነሳ ምድጃ ፊትህ ላይ የተከፈተ ይመስልሃል። እኔ ደግሞ የደሴ ጉም፣ ጋቢ ጆሮ ድረስ የሚያስለብሰው ብርድ ይናፍቀኛል። ምግባቸው ዓሣና ሩዝ ነው፤ ያጠግባል፣ ግን አያረካም። ትኩስ የማሽላ እንጀራ በቃሪያ ያሰኘኝ ቀን ከሰውም አልነጋገርም። ኋላ አንድ ጋራዥ ገብቼ የጭነት ካሚዮን ሞተር መጠገን ያዝኩ፤ ካፒቴን ይሉኛል፣ ለቀልድም ይሁን ለክብር አቤት እላለሁ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ጣሊያኖቹ የላኩት ሰው ጋራዡ ድረስ የመጣው። አማርኛው ከእኔ ያምራል። ምሕረት ተደርጎልሃል፣ ደሴ ሆጤ ላይ ቤት ይሰጥሃል፣ ኮምቦልቻ ላይ ሰፊ የአይሮፕላን ሜዳ ተሠርቷል፣ አንተ አገሩን ታውቃለህና ለእኛ ትበራለህ አለኝ። ስለ አዲሱ ሞተር ሲያወራልኝ እጄን በላኝ፤ አልዋሽም። የሰው ወርቅ አያደምቅም ብዬ ልሸኘው ስል የመጨረሻውን ጣለብኝ።

"እናትህ ታማለች። ልጄ ይምጣልኝ እያለች ነው።"

ይህን ጊዜ መፍቻዬን አስቀመጥኩ። ብሄድ፣ ሰውን የሚያስገብር አይሮፕላን በዚያች በአገዳ በሸፈኑኝ ሰዎች አናት ላይ ልነዳ ነው። ብቀር፣ እናቴ ስትጠራኝ ቀረሁ። የማስብበት ጊዜ ስጠኝ አልኩትና ሰጠኝ። ቆዳ ይዘው በባቲ በኩል የሚመላለሱት የሐርቡው ነጋዴ አባ ይመር ሊመለሱ ሲሰናዱ፣ ሁሉን ነገር ነግሬ ወደ እናቴ ላክኋቸው። እስኪመጡ ድረስ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የጣሊያኖቹ ሰው ሲመጣ ነገ ተመለስ እለዋለሁ፤ ነገ ሲመጣም እንደዚያው።

አባ ይመር አንድ ከሰዓት ጋራዡ በር ላይ ደረሱ። ጉልበታቸውን ስሜ ውሃ ሳልሰጣቸው፣ ታማለች ወይ አልኳቸው።

"አብሽር፣ ልጄ። ማሽላ ስታርም ነው ያገኘኋት። የላክኸኝን ነገርኳት። ከዚያ፣ 'ቡሉኮው አልተነጠፈም በሉት' አለችኝ። ይህ ደግሞ ምን መልእክት ነው ብላት፣ እሱ ያውቀዋል አለችኝ።"

እዚያው ከካሚዮኑ ሥር ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የደስታም ነው፣ የናፍቆትም ነው፣ የኩራትም ነው፤ እኔ አልለየሁትም። ያን ሰውዬ ሲመጣ አልሄድም አልኩት። እናትህንስ ምን ልበላት ቢለኝ፣ የከለከለችኝ እሷው ናት አልኩት። አልገባውም። እንዴትስ ይገባዋል?

ማታ ጣሪያዬ ላይ ከአባ ይመር ጋር ሩዝ እየበላን፣ ሌላ ያለችው ነገር እንዳለ ደጋግሜ ጠየቅኋቸው። ሰው በናፍቆት ጊዜ የተነገረውን ሁሉ እንደገና መስማት ይወዳል። አሰብ አደረጉና፣ "ሌላስ የለም" አሉኝ። "ብቻ ያ ቡሉኮ ብል እንዳይበላው ቤት ውስጥ እያራገፈችው ደረስኩ። አቧራው እሷኑ ያስነጥሳታል። ፀሐይ እያለ ለምን ደጅ አታሰጪውም ብላት፣ 'ልጄ ከላይ አይቶት ቢሳሳትስ?' አለችኝ።"

የወሎ ሰዎች፣ እኔ አሁንም ጅቡቲ ነኝ። አይሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ የጣሊያን መሆኑን እያወቅሁም ቀና እላለሁ። በኮምቦልቻ የምታልፉ ከሆነ እናቴን ሰላም በሉልኝ። ሜዳው ላይ ያ ቡሉኮ ተነጥፎ ያያችሁ ቀን ግን ላኩብኝ። አይሮፕላን ባጣም በእግሬ እመጣለሁ።