ትከሻ የጠፋበት ቁልቁለት

ያችን ኮረብታ «ራሰ በራዋ» ነበር የምንላት፤ ቁጥቋጦ እንኳ አልነበረባትም። ጎህ ሲቀድ ውጡ ተባልን፤ ወጣን። ረፋዱ ላይ ያዝናት። ከሰዓት በኋላ መድፉ መጣ። ጉልበቴን የተመታሁት ያኔ ነው። ጀግንነት የለበትም፤ ተኝቼ ሳለሁ ፍንጣሪ አገኘኝ።

እናንተ ልጆች ጦርነት ሲባል ተኩስ ብቻ ይመስላችኋል። የእኛ አብዛኛው ሥራ ሸክም ነበር። ውኃ፣ ጥይት፣ ቁስለኛ። ቃሬዛ ይዘን ስንወርድ የዛለው ሰው «ትከሻ!» ይላል፤ በቃ። ስም አይጠራም፣ አለቃ አያዝዝም። ቅርብ ያለው ገብቶ ይተካዋል። እኔን ሲያወርዱኝ የጋንታችን መትረየስ ተኳሽ፣ መኮንን የሚባል ጓደኛዬ፣ አንዴም ትከሻ ሳይጠራ እስከ ታች ተሸከመኝ። በኋላ ለምን አልተቀየርክም ስለው «መቼ ከበድክና» ብሎ አላገጠብኝ።

ከጦርነቱ በኋላ ሁለታችንም ቀጨኔ ገባን። እሱ ሽሮ ሜዳ ጋቢ ይሸጥ ነበር። አንድ የጽዋ ማኅበር ውስጥም አብረን ነበርን። በየወሩ ይጸለያል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ከዚያ ሰብሳቢው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያሉ ስለ መተጋገዝ ያስተምሩናል። መኮንን አይናገርም። እሱ ወንበር አምጣ ሳይባል የሚያመጣ፣ የለቅሶ ድንኳን ሲተከል ካስማ ይዞ የሚገኝ ሰው ነበር።

ባለፈው ክረምት ታመመ። አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ሚስቱ አልማዝ ትንፋሽ አጠረው ብላ እየሮጠች መጣች። ሆስፒታል መድረስ አለበት። እሱ ቤት ደግሞ መኪና አይገባም፤ እስከ አስፋልቱ ድረስ ቁልቁለትና የሚያዳልጥ ደረጃ ነው። ደግነቱ ማኅበሩ የዚያን ዕለት እዚያው ጎረቤት ቤት ተሰብስቧል። ገብቼ ትከሻ ስጡኝ፣ መኮንን ሊሞትብን ነው አልኳቸው። ነጫጭ ነጠላቸውን አጣፍተው እንደተቀመጡ ተያዩ። አንዱ ወገቡን ዳሰሰ። ሌላው ጫማውን አየ። ሰብሳቢው ከወንበራቸው ሳይነሱ መለሱልኝ።

«ወንድሜ፣ እኛ በጸሎት እናግዛለን።»

ጸሎትን አልንቅም። ምሽግ ውስጥ የጸለይኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። ያችን «በጸሎት» ስሰማ ግን ጥያቸው ወጣሁ። እግዜር ትከሻ የሰጠን ነጠላ እንድንሰቅልበት ነው እንዴ?

ከጋቢ ቃሬዛ ሠራን። ተሸካሚዎቹ እኔ፣ አልማዝ፣ ጎረቤታችን ሸማኔውና ሚስቱ ነን። እነሱ ጴንጤ ናቸው፤ ወደ ጸሎት ቤታቸው ሊወጡ ሲሉ ብጠራቸው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ደጃፍ ላይ አስቀምጠው መጡ። ምን ሆነ ብለው እንኳ አልጠየቁም።

መንገዱ ከቅዳሴ በሚመለስ ሰው ሞልቶ ነበር። ሁሉም በትሕትና ግድግዳው ላይ ተለጥፎ «እግዜር ይማረው» እያለ አሳለፈን። ማሳለፉን ማን ጠየቃቸው! ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቴ ከዳኝና ተንገዳገድኩ። ይኼኔ መኮንን ከጋቢው ውስጥ በቀጭን ድምፅ «ትከሻ» አለ። ለእኔ ነው የጠራልኝ። ማንም አልመጣም። እየደጋገምን እርጥቡ ደረጃ ላይ እያሳረፍነው ወረድን። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ትንፋሹ አልነበረም።

በማግስቱ ለቀብሩ ማኅበሩ በሙሉ መጣ። ሬሳ መሸከም በረከት አለው ይባል የለ? ሳጥኑን ለመያዝ ተጋፉ። ወገቡን የዳሰሰው ሰውዬም ነበረበት። ሰብሳቢው በክርናቸው ገፋ አድርገውኝ ገቡ። ያንኑ ደረጃ አንዴ እንኳ ሳይቆሙ ወረዱት።

ራሰ በራዋ ላይ አምስት ሰው ቀርቶብናል። እነሱን ጠላት ገደላቸው። እኔ ስድስተኛ ብዬ የምቆጥረው መኮንንን ነው። ቶሎ ቢደርስ ይድን ነበር አልልም፤ ሐኪም አይደለሁም። ግን ያን ቁልቁለት በሕይወቱ ሳለ፣ መሬት ሳይነካ መውረድ ይገባው ነበር።