ሽሮ በሃምሳው

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት ጥግ ላይ የተቀመጠውን ባልዲ ነው። ካርቶን ተከድኖበታል፤ ሽታው ግን ለካርቶን የሚበገር አልነበረም። ክፍሉ የሰፈር ሱቅ ያህል ቢሆን ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የአዳማ ፀሐይ ደግሞ በፋሲካ ማግስት ምሕረት አታውቅም። ጠዋት ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ወስደው፣ ቀበቶዬን ተቀብለው፣ የጫማዬን ክር አስፈትተው እዚያ አስገቡኝ። ምን አጥፍቼ እንደሆነ ስጠይቅ አንዱ ፖሊስ "ትደርስበታለህ" አለኝ። እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም።

ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ካቦው፣ ማለትም የእስረኞቹ አለቃ፣ የሞጆ ሰው የሆነ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አንገቱ ላይ ወፍራም ማተብ አስሯል።

"ሥራህ ምንድን ነው?" አለኝ።

"አስተማሪ ነኝ።"

"ቲቸር፣ እንግዲህ እዚህ ጋ ትተኛለህ። ጠያቂ አለህ?"

"ሚስቴ አለች።"

"ተመስገን" አለ፤ የእሱም የጴንጤውም ዘመድ ሩቅ ስለነበር ምግብ የሚያመጣላቸው አልነበረም።

ጴንጤ ያልኩት ከሐዋሳ የመጣ የሞባይል ዕቃ ነጋዴ ነው። ከመተኛቱ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለሁላችንም ይጸልያል፤ ለፖሊሶቹም ጭምር። ይኼ ካቦውን በጣም ያናድደው ነበር።

ሦስተኛው አዛውንት ናቸው። ሻሸመኔ ውስጥ እህል ይነግዳሉ። ፖሊስ የሚፈልገው ልጃቸውን ነበር፤ ልጁ ሲታጣ አባቱን ይዞ አዳማ አመጣቸው። ቤተሰባቸው የት እንዳሉ አያውቅም። ሁላችንም ሐጂ ነበር የምንላቸው። የስኳር ሕመም አለባቸው። ኪኒናቸውን በደረት ኪሳቸው ይዘዋል፤ ግን በባዶ ሆድ ሲውጡት ያዞራቸዋል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል።

በመጀመሪያው ቀን ሚስቴ የላከችው ምሳ ቀይ ወጥ ነበር። በር ላይ ያለው ፈታሽ ወረቀት እንዳይደበቅ ብሎ ወጡን በሙሉ እንጀራው ላይ ገልብጦ በማንኪያ ያማስለዋል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሁሉም አንድ ላይ ርሷል። ካቦው ምሳ ዕቃውን መሐል አድርጎ ከፈተው። ሐጂ ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው ተጠጉ።

"እናንተ ብሉ፣ ልጆቼ" አሉ። ከጣቢያው የተሰጣቸውን ዳቦ ቆረሱና በሻይ አጠቀሱ። ሻዩ ስኳር በስኳር ነው፤ ስኳር ያልገባበት እንዲሰጧቸው ጠይቀው "ሆቴል መሰለህ?" ተብለዋል።

የእኛ ሥጋ ለእነሱ፣ የእነሱ ሥጋ ለእኛ እንደማይሆን በአገራችን ማንም ለማንም አያስረዳም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ረቡዕና ዓርብ ያድኗቸው ነበር። አሁን ግን ሃምሳው ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ሚስቴ ደግሞ በሃምሳው ለታሰረ ባሏ ሽሮ የምትልክ ሴት አይደለችም።

በማግስቱ ዶሮ መጣ። ጴንጤው አንዱን እንቁላል አነሳና በመጠጥ ውሃችን አጥቦ አጥቦ ነጭ አደረገው። በሁለት እጁ ይዞ ወደ ሐጂ ዘረጋ።

"እንቁላል አይታረድም፣ ሐጂ።"

ሐጂ ሳቁ። "ልክ ነህ፣ ኢልመ ኮ" አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ግን ከዶሮው ጋር ነው የበሰለው።"

"ታዲያ ነፍስ ለማትረፍ አይፈቀድም?"

"ይፈቀዳል። ለሚሞት ሰው ይፈቀዳል። እኔ እየሞትኩ ነው ብዬ ገና አላመንኩም።"

ጴንጤው እንቁላሉን እንደያዘ ቀረ። "ወደ አፍ የሚገባ ሰውን አያረክስም" አለ ለራሱም ለእኛም። በቅን ልቡ ነበር የተናገረው። ካቦው ግን ተቆጣ።

"አንተ ምን ይገባሃል? የምትተወው ነገር የለህም።"

"እንዴት የለኝም? መጠጥ ትቻለሁ፣ ሲጋራ ትቻለሁ፣ የማይሆን ጓደኛ ትቻለሁ።"

"እሱ ሌላ ነው። እኔም የእሳቸውን ሥጋ አልበላም፤ ሻሸመኔ ላይ ስንት ቀን ጾሜን አድሬያለሁ። ሐጂን የማውቃቸው እኔ ነኝ።"

እኔ በመካከል ተገረምኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ "አይበሉልንም" ሲባል ስሰማ እንደ ንቀት ነበር የሚመስለኝ፤ በእኛ አፍ ሲነገርም ንቀት ነበረበት። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን የሽማግሌው እንቢታ በደንብ የገባው እንቢ ማለት የሚያውቀው ሾፌር ነው። ሁሉን መብላት የሚችለው ደጉ ጴንጤ ግራ ገብቶት እንቁላሉን መልሶ ምሳ ዕቃው ውስጥ አስቀመጠው።

ሽሮ ላኪ የሚል አንዲት ቃል ለሚስቴ ማድረስ ነበር የፈለግኩት። መገናኘት ክልክል ነው፤ ወረቀት ክልክል ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ምግቡን ሳንነካ ሙሉውን መለስኩ። ብልጠት መስሎኝ ነበር። ግራ ገብቷት ትጠይቃለች፣ አንዱ ፖሊስ ይነግራታል ብዬ አሰብኩ። ጴንጤው ምሳ ዕቃው ሲወጣ በዓይኑ ሸኘው።

በማግስቱ የመጣው ምሳ ዕቃ ከወትሮው የከበደ ነበር። ሌላ ዶሮ፣ ከዱለት ጋር ተማስሎ። አሞታል፣ ምግብ አልወረደለትም ብላ አስባለች ማለት ነው። እንደገና መለስኩት። እንደገና ጥብስ ጨምራ ላከች። የእኔ ብልጠት ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ፤ ሚስቴ ደጅ ላይ ትጨነቃለች፣ እኛ እንራባለን፣ ሐጂ ዳቦ በሻይ ይበላሉ። እግራቸው ማበጥ ጀመረ። ለሶላት ሲነሱ ካቦው በክንዳቸው ይደግፋቸውና ሲሰግዱ ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል።

አንድ ቀን ጠዋት ሲነሱ ወደቁ። በሩን ደበደብን። ብዙ ቆይቶ አንድ መኮንን መጣና ሰው ታመመ ስንለው እኔን ብቻ ወደ ቢሮው ወሰደኝ። ጥሩ አጋጣሚ መሰለኝ። እሱም ማተብ አለው፤ ይገባዋል አልኩ።

"አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምነው" አልኩት። "ሚስቴ በር ላይ ስትመጣ የጾም ምግብ ላኪ ይበሉልኝ። ሽሮ ወይም ምስር።"

"በሃምሳው?"

"አዎ።"

"በሃምሳው የጾም ምግብ?" ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። "ይህ ምልክቱ የምንድን ነው?"

"ምልክት አይደለም። ለእኔም አይደለም። አብረውን ላሉት ሐጂ ነው፤ ስኳር አለባቸው፤ የእኛን ሥጋ አይበሉም።"

"አንተ የአዳማ ክርስቲያን፣ እሱ የሻሸመኔ እስላም። በምን ተገናኛችሁ?"

"እናንተ አገናኛችሁን።"

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

"ልጁን ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም።"

"ታዲያ አባቱ ምን አስጨነቀህ?"

የተራቡ ሽማግሌ ናቸው አልኩት እንደገና። ብዙ ጠየቀኝ። ሚስቴ ምን እንደምትሠራ፣ ሻሸመኔ ዘመድ እንዳለኝ፣ ሽሮ ማለት በመካከላችን ምን ማለት እንደሆነ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር፤ እሱ ግን ከልቡ ነው የሚለቅመው። ሃይማኖቱን በደንብ ማወቁ ነው የጎዳን። በሃምሳው እንደማይጾም የማያውቅ ፖሊስ ቢሆን ኖሮ "እሺ" ብሎ ይነግራት ነበር።

ስመለስ ሐጂ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጴንጤው በሸሚዙ ያራግብላቸዋል። ፊቴን አይቶ ማንም አልጠየቀኝም። በጣም አፈርኩ፤ ደግሞም ተናደድኩ፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም ነበር።

ያን ቀን ምሳ ሲመጣ ካቦው ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት ወደ በሩ ገፋው።

"በቃ" አለ። "ከሐጂ ጋር ዳቦ እንበላለን። ሁላችንም።"

ጴንጤው ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም እሺ አልኩ። ምንም ማድረግ ያልቻለ ሰው አብሮ ከመራብ በቀር ምን አለው? እውነቱን ለመናገር ጥሩ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ሐጂ ሦስታችንንም ተራ በተራ አዩን። ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። ለመደገፍ ስንነሳ በእጃቸው ከለከሉን። ውሃ የያዘውን ጆግ በአንድ እጅ፣ ባዶውን ጣሳ በሌላው አነሱና ካቦው ፊት መጥተው ቆሙ።

"እጅህን አምጣ።"

ካቦው ብድግ አለ። "ሐጂ፣ ኧረ በፈጠረዎት። ጆጉን ለእኔ ይስጡኝ። እርስዎ ለእኔ?"

"እጅህን አምጣ አልኩህ። ጎረቤቴ ቄስ ናቸው። በሃምሳው መጾም ለእናንተ እንደማይገባ ነግረውኛል። እኔ ሃይማኖቴን ለምግብ አልተውኩም፤ እናንተ ለእኔ ብላችሁ የእናንተን ለምን ትተዋላችሁ?"

"ለእርስዎ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ። አላህ ይስጥህ። ቤቴ መጥተህ ቢሆን ያንን ጎረቤቴን አስጠርቼ፣ ከአንተው ወገን ሰው አምጡልኝ ብዬ በግ አሳርድልህ ነበር። እዚህ ያለኝ ውሃ ነው።"

ካቦው በጣም ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ። ውሃው ጣሳው ውስጥም ወለሉም ላይ ይፈሳል። ቀጥለው ወደ ጴንጤው ሄዱ። መጨረሻ ወደ እኔ መጡ። የአባቴን ዕድሜ ያለፈ ሰው ሲያስታጥበኝ የመጀመሪያዬ ነው። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

"ጀባዱ" አሉኝ በኦሮምኛ፤ በርታ ማለታቸው ነው። ከዚያ ተመልሰው ቦታቸው ተቀመጡና ዳቧቸውን ቆረሱ።

እኛም በላን። እያለቀስኩ በላሁ ብል ውሸት ነው። ዶሮው ጣፋጭ ነበር፤ ይኼ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። አንድ ማለዳ ሊወስዷቸው መጡ። መራመድ ስላቃታቸው ካቦው አዝሎ እስከ በሩ አደረሳቸው። የት ነው የምትወስዷቸው ስንል አንዱ ፖሊስ ሆስፒታል አለ፤ ሌላኛው ዝም በል አለው። ሐጂ ከካቦው ጀርባ ላይ ሆነው ወደ እኛ ዞሩ። "ነጋቲ" አሉ። ደህና ሁኑ ነው። ጴንጤው "በሰላም ይግቡ፣ ሐጂ" ብሎ መለሰላቸው፤ ያን ዕለት ጮክ ብሎ ሲጸልይ ካቦው አልተናደደበትም።

እኔ ያለ ክስ ተለቀቅኩ። ቤት በገባሁ በማግስቱ ሚስቴ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"ምግቡን ለምን መለስክብኝ? ደበደቡት፣ አፉን ሰበሩት ብዬ ስንት አሰብኩ። ዶሮ ፍለጋ ገበያ ለገበያ ስዞር ነው የከረምኩት።"

ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ ተነስታ ቁም ሳጥኑን ከፈተችና አንድ ትልቅ ጠርሙስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እስከ አፉ ሽሮ ሞልቶታል።

"ሽሮ ነው የፈለጋችሁት?" አለች። "ይኸው እኮ፣ እዚህ ነበር።" ከዚያ አለቀሰች። በታሰርኩ ጊዜ አላለቀሰችም ነበር፤ እንዲያውም በር ላይ ከፈታሾቹ ጋር ስትጣላ ነበር ይሉኛል።

ሐጂ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ሙሉ ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም፤ እዚያ ስም መጠያየቅ አንወድም ነበር። ሻሸመኔ ሄጄ የእህል ተራ ላይ አንድ ሁለት ሰው ጠይቄ፣ ሰዎቹ ማን እንደላከኝ መጠርጠር ሲጀምሩ ተመለስኩ። አልፈረድኩባቸውም።

አሁንም መምህራን ክፍል ውስጥ አንዱ ተነስቶ "እነሱ እኮ አይበሉልንም" ይላል፤ ሌላው "እኛስ መቼ በላንላቸው" ይላል፤ ይሳሳቃሉ። እኔ አልገባበትም። የእነሱን ሥጋ ዛሬም አልበላም። ሐጂም የእኔን እንዲበሉልኝ ፈልጌ አላውቅም። ሽሮውን ግን እንዲበሉ ፈልጌ ነበር።