ከውሳኔው ጀምሪ

ጋሼ አርፈዋል። ይህን ያስቀደምኩት፣ ሪፖርት ሲጻፍ ውሳኔው ከላይ ይቀመጣል ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ስለሆኑ ነው።

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የዝግ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሲጽፉ ኖረዋል። እኔም ቦሌ ያንኑ ሥራ ስይዝ አያት ሠፈር ባለው ቤታቸው አስቀምጠው መከሩኝ። «መጀመሪያ የተወሰነውን፣ ቀጥሎ ምክንያቱን ጻፊ። ማን ምን አለ የሚለውን ተዪው፤ ሰው ያጣላል።» ከዚያ ወዲህ የሠፈር ወሬ እንኳ ሳወራቸው እጃቸውን ያነሱና «ከውሳኔው ጀምሪ» ይሉኝ ነበር።

የምርመራቸው ውጤት የመጣ ቀን፣ ቤተሰቡ ኦሎምፒያ ባለው የታናሽ ወንድማቸው ቢሮ በር ዘግቶ ተነጋገረ። ሐኪሙ ተስፋ የለውም ብሎን ነበር። እንዳይነገራቸው ተስማማን። ማታ ልጠይቃቸው ስሄድ ቴሌቪዥኑን አጠፉ።

«ዛሬ ተሰብስባችኋል አይደል?»

«አዎ ጋሼ። ደምዎ ታይቷል፣ ራጁም ደርሷል፣ ሐኪሙ ደግሞ ሌላ መድኃኒት እንሞክር...»

«ከውሳኔው አልጀመርሽም» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

እሳቸው የጋቢያቸውን ጫፍ ሲያስተካክሉ ቆዩና «በቃ፣ ገባኝ» አሉ። «ማወቄን ግን እንዳትነግሪያቸው። ዝግ ስብሰባ ነው።»

እስኪያርፉ ድረስ ዘመድ ሁሉ አልጋቸው አጠገብ እየሳቀ «ይሻልዎታል» ሲላቸው፣ እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር። እኔን ግን አያዩኝም ነበር።

አሁንም ቢሮ ሪፖርት እጽፋለሁ። ውሳኔው የሚጻፍበትን የመጀመሪያ መስመር ግን ባዶ ትቼ ከምክንያቱ እጀምራለሁ።